የኦፕአምፕ ማጉያ አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ጀማሪ ያገጣጠመው የኦፕአምፕ ማጉያ አልሠራ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው አይሲው፣ ማለትም ኦፕአምፑን የያዘው ባለ ብዙ እግር ቺፕ ነው፤ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፣ አዲሱም እንደ ፊተኛው ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አይሲው ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በኃይል አቅርቦቱ፣ በግብረ መልሱ (ከመውጫው ወደ መግቢያው በሚመለሰው መስመር) ወይም አይሲው ሊሰጥ የማይችለውን በመጠየቃችን ላይ ነው። ይህን ለመለየት ኦሲሎስኮፕ የግድ አያስፈልግም፤ በቅደም ተከተል የተደረጉ ሦስት የመልቲሜትር ልኬቶች አብዛኛውን ብልሽት ያጋልጣሉ።

በቅድሚያ የሚደረጉት ልኬቶች

የመልቲሜትሩን ጥቁር ሽቦ በሰርኪዩቱ ግራውንድ ላይ አድርገው በቀዩ የኃይል አቅርቦቱን ይለኩ፤ የሚለካው ግን ባትሪው ወይም የብሬድቦርዱ ጠርዝ ሳይሆን ራሱ የአይሲው እግር ነው። 741 በተባለው ኦፕአምፕ ላይ ፖዘቲቩ 7ኛው፣ ነጌቲቩ 4ኛው እግር ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ኦፕአምፕ በያዘው ኤልኤም358 ላይ ፖዘቲቩ 8ኛው፣ ግራውንዱ 4ኛው ነው። በአንዳንድ ረጃጅም ብሬድቦርዶች የኃይል መስመሩ መሃል ላይ የተቋረጠ ስለሆነ፣ በአንዱ ጫፍ 9 ቮልት እየታየ አይሲው ምንም ኃይል ላያገኝ ይችላል። ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ±9 ቮልት ከሠሩ ደግሞ የባትሪዎቹ መገናኛ ከሰርኪዩቱ ግራውንድ ጋር መያያዙን ያረጋግጡ፤ ይህ ሽቦ ከተረሳ የቀሩት ልኬቶች ሁሉ ትርጉም ያጣሉ።

ሁለተኛው ልኬት በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ ሦስተኛው የመውጫው ቮልቴጅ ነው። ኦፕአምፕ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከፖዘቲቭ መግቢያው ላይ የነጌቲቭ መግቢያውን ቮልቴጅ ቀንሶ ልዩነቱን እጅግ አብዝቶ ያወጣል። በ741 ይህ ብዜት በተለምዶ 200,000 ያህል ስለሆነ፣ ግብረ መልሱ በትክክል የሚሠራ ማጉያ በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል የሚያሳየው ልዩነት ከጥቂት ሚሊቮልት አይበልጥም። እንዲህ ሆኖ ካገኙት አይሲው እየሠራ ነውና ስህተቱን በሬዚስተሮቹ ዋጋ ወይም በሚገባው ሲግናል ላይ ይፈልጉ። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ መውጫው ልዩነቱ ወደሚገፋበት አቅጣጫ እስከ ጫፍ ከሄደ፣ ማለትም ፖዘቲቭ መግቢያው በልጦ መውጫው ላይኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ወይም አንሶ ታችኛው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ አይሲው የታዘዘውን እየፈጸመ ነው፤ የጎደለው በዙሪያው ነው። መውጫው ልዩነቱ ከሚያዘው ተቃራኒ ከሆነ ግን አይሲውን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

መውጫው ከአንዱ ጫፍ አልላቀቅ ሲል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ መንስኤውም አንድ አይደለም። ቀላሉ የመግቢያዎቹ መለዋወጥ ነው። ከመውጫው የሚመለሰው ሬዚስተር በነጌቲቩ ፈንታ ፖዘቲቩ መግቢያ ላይ ከተሰካ፣ ልዩነቱን ማጥበቡ ቀርቶ ያሰፋዋልና መውጫው አንዱ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ሬዚስተሩ በአንድ ረድፍ ስቶ ሲሰካ ወይም ብየዳው ሳይዝ ሲቀርም ግብረ መልስ ስለማይኖር ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ኃይሉን አጥፍተው ከመውጫው እስከ ነጌቲቩ መግቢያ ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩ፤ ከሬዚስተሩ ዋጋ እጅግ የበለጠ ካነበቡ መስመሩ ተቋርጧል።

ሁለተኛው መንስኤ ሒሳብ ነው። ኤልኤም358ን በ5 ቮልት እያሠሩ ከመውጫው 100 ኪሎኦም፣ ወደ ግራውንድ 1 ኪሎኦም ካደረጉ፣ ሲግናሉ በፖዘቲቩ ሲገባ ብዜቱ 1 + 100 ÷ 1፣ ማለትም 101 ይሆናል። 0.1 ቮልት ሲገባ 10.1 ቮልት መውጣት ነበረበት፤ ይህ አይሲ ግን ከአቅርቦቱ 1.5 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ከ3.5 ቮልት ብዙም አያልፍም። መፍትሔው ብዜቱን መቀነስ ነው፤ 100 ኪሎኦሙን በ22 ኪሎኦም ቢተኩት ብዜቱ 23፣ መውጫው 2.3 ቮልት ይሆናል።

ሦስተኛው ጀማሪን ብዙ ያደክማል፤ በአንድ አቅርቦት ብቻ የሚሠራ ገልባጭ ማጉያ (ሲግናሉ በነጌቲቩ መግቢያ ገብቶ ተገልብጦ የሚወጣበት) ነው። ኤልኤም358 በ5 ቮልት፣ ፖዘቲቭ መግቢያው ግራውንድ ላይ፣ ከሴንሰሩ ወደ ነጌቲቩ መግቢያ 10 ኪሎኦም፣ ከመውጫው 20 ኪሎኦም ተደርጎ ሴንሰሩ 0.5 ቮልት ሰጠ እንበል። ሒሳቡ ከዜሮ በታች 1 ቮልት ይጠይቃል፤ ሰርኪዩቱ ውስጥ ግን ከዜሮ በታች የሆነ ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ መውጫው ዜሮ አጠገብ ይቀራል፣ በነጌቲቩ መግቢያም 0.33 ቮልት ያህል ይነበባል፤ ልዩነቱ ወደ ታች እየገፋ ነው፣ መውጫውም ታች ደርሷል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ፖዘቲቩን መግቢያ በሁለት እኩል ሬዚስተሮች የአቅርቦቱ ግማሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ምክሩ በካፓሲተር በኩል ለሚገባ የድምፅ ሲግናል ትክክል ቢሆንም ለዚህ ሴንሰር አይሆንም፤ 2.5 ቮልት ሲደረግ መውጫው 2.5 × 3 − 0.5 × 2፣ ማለትም 6.5 ቮልት ይጠየቃልና አሁን ደግሞ ላይኛው ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ማጣቀሻውን፣ ማለትም ፖዘቲቩ መግቢያ ላይ የሚቀመጠውን ቮልቴጅ፣ 1 ቮልት ካደረጉት ግን ሴንሰሩ ከ0 እስከ 1 ቮልት ሲሄድ መውጫው ከ3 ወደ 1 ቮልት ይወርዳል፤ ይህም አይሲው በምቾት የሚደርስበት ክልል ነው። መገልበጡ አስፈላጊ ካልሆነ ደግሞ ሲግናሉን በፖዘቲቩ መግቢያ ማስገባት ይቀላል።

የሲግናሉ ጫፍ ሲቆረጥ

741 እ.ኤ.አ. በ1968 በፌርቻይልድ ኩባንያ ዴቭ ፉላጋር የነደፈው ሲሆን የተለመደው አቅርቦቱ ±15 ቮልት ነው። መውጫውም መግቢያውም ከሁለቱም ጫፍ አንድ ሁለት ቮልት ይርቃሉ፤ ስለዚህ በነጠላ 5 ቮልት ሲያሠሩት የሚንቀሳቀስበት ቦታ እጅግ ይጠባል፣ ከዚያ ያለፈው የሲግናሉ ጫፍም ይቆረጣል። ብዙ መማሪያዎች ዛሬም በእርሱ መጀመራቸው በእኔ እምነት ለባትሪና ለማይክሮኮንትሮለር ሥራ ተማሪውን ያለ ምክንያት ያደናግራል። በ5 ቮልት ለሚሠራ ሰው ኤልኤም358 ይሻላል፤ መግቢያው ግራውንድን ይቀበላል፣ መውጫውም ግራውንድ አጠገብ ይወርዳል።

ሲግናል ሳይኖር መውጫው ሲንሸራተት

ሲግናሉ በካፓሲተር በኩል ወደ ፖዘቲቩ መግቢያ ሲገባና ከዚያ መግቢያ ወደ ግራውንድ ወይም ወደ ማጣቀሻው ቮልቴጅ የሚያልፍ ሬዚስተር ሳይኖር ሲቀር፣ የመግቢያው ጥቃቅን ከረንት ካፓሲተሩን ቀስ በቀስ ስለሚሞላው መውጫው ከሰከንዶች በኋላ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ኃይሉ እንደተከፈተ ሠርቶ ወዲያው ዝም የሚል የማይክሮፎን ማጉያ ሲገጥምዎ ይህን ያስቡ፤ 100 ኪሎኦም ከመግቢያው ወደ ማጣቀሻው ማድረግ ይበቃዋል።

ሬዚስተሩ ኖሮም እጅግ ትልቅ ከሆነ ስህተት ያመጣል። የ741 የመግቢያ ከረንት በተለምዶ 80 ናኖአምፒር ስለሆነ በ1 ሜጋኦም ላይ 80 ሚሊቮልት ይፈጥራል፤ ብዜቱ 11 ከሆነ መውጫው ላይ 0.88 ቮልት ይሆናል። ሬዚስተሩን መቀነስ ወይም የመግቢያ ከረንቱ በጣም አነስተኛ የሆነውን ቲኤል072 የተባለ ኦፕአምፕ መጠቀም ያስተካክለዋል፤ ቲኤል072 ግን መግቢያው ወደ ነጌቲቩ አቅርቦት በጣም ሲጠጋ መውጫውን በድንገት ወደ ላይ ሊገለብጥ ስለሚችል ነጌቲቩ በቂ መሆን አለበት።

አይሲው ሲሞቅ፣ ልኬቱም ሲዋዥቅ

ይህ ብዙ ጊዜ ማጉያው በራሱ ጊዜ ሲግናል እያመነጨ መሆኑን ያሳያል። በኃይል እግሮቹና በግራውንድ መካከል፣ ከአይሲው ሳይርቅ፣ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ያድርጉ፤ ሽቦዎቹንም ያሳጥሩ። መውጫው ረጅም ኬብል ወይም ካፓሲተር የሚነዳ ከሆነ ከ47 እስከ 100 ኦም በመሃል ማስገባት ያረጋጋዋል። ከኤልኤም358 አንዱ ግማሽ ሥራ ከሌለውም ክፍት አይተዉት፤ መውጫውን ከነጌቲቭ መግቢያው ጋር አያይዘው ፖዘቲቩን ግራውንድ ላይ ያድርጉት።

ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ሲግናሉ ሲደክም ወይም ሦስት ማዕዘን ሲሆን

ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ቅርጹ ሳይበላሽ የሚያንስ ከሆነ ብዜቱ ከአይሲው ፍጥነት በልጧል፤ የ741 ብዜትና ፍሪኩዌንሲ ሲባዙ 1 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሆነ፣ በ100 እጥፍ ሲያጎላ ከ10 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ይደክማል። ሥራውን ለሁለት ማጉያ በ10 እና በ10 ማከፋፈል መፍትሔው ነው። ቅርጹ ወደ ሦስት ማዕዘን ከተለወጠ ግን መውጫው ከሚችለው በላይ በፍጥነት እንዲዘል ተጠይቋል፤ 741 በማይክሮሰከንድ 0.5 ቮልት ብቻ ስለሚራመድ 10 ቮልት ከፍታ ያለውን ሞገድ ሳያበላሽ የሚሸከመው እስከ 8 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። ሲግናሉን ያሳንሱ ወይም በማይክሮሰከንድ 13 ቮልት የሚራመደውን ቲኤል072 ይጠቀሙ።

ሞገዱ መሃል ላይ፣ ዜሮን ሲያቋርጥ፣ ትንሽ የሚሰበር ከሆነና አይሲው ኤልኤም358 ከሆነ፣ ከመውጫው ወደ ነጌቲቩ አቅርቦት ጥቂት ኪሎኦም ሬዚስተር ማድረግ ያሻሽለዋል።

አይሲው በእርግጥ ሞቷል?

ለብቻው አውጥተው በባዶ ብሬድቦርድ ላይ ይፈትኑት። መውጫውን በቀጥታ ከነጌቲቩ መግቢያ ጋር ያያይዙ፤ በኤልኤም358 1ኛውን ከ2ኛው፣ በ741 6ኛውን ከ2ኛው እግር ማለት ነው። ኤልኤም358ን በ5 ቮልት፣ 741ን በ±9 ቮልት ያሠሩና በሁለት ሬዚስተሮች ከፍለው በሁለቱም 3ኛው እግር ለሆነው ፖዘቲቭ መግቢያ 2 ቮልት ያህል ይስጡ። መውጫው ያንኑ ቮልቴጅ ካሳየ፣ መግቢያውን ሲቀይሩም አብሮ ከተቀየረ፣ አይሲው ደህና ነው። ካላሳየ ይተኩት፤ ነገር ግን አዲሱን ከመሰካትዎ በፊት ሶኬቱን ባዶ እንደሆነ ኃይል ሰጥተው የእያንዳንዱን እግር ቮልቴጅ ይለኩ፤ አቅርቦቱ ተገልብጦ ከሆነ ወይም ከአቅርቦቱ የበለጠ ቮልቴጅ ወደ መግቢያው እየደረሰ ከሆነ አዲሱም ወዲያው ይቃጠላል።