ከባቄላ፣ ከቅልሞሽና ከእንቆቅልሽ፦ ትንሽ ልጅን በቤት ማስተማር

በሰሜን ሸዋ ደጋ ክረምቱ ሲከብድና ጉሙ ከደጅ ሲያስቀር፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ ቀኑን የሚያሳልፈው ከእናቱና ከአያቱ እግር ሥር ሳይርቅ ነው። ይህን ጊዜ ለትምህርት ለማዋል ሰሌዳም ሆነ የተገዛ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ከቤቱ ሥራ ለልጁ አቅም የሚመጥነውን ቆርሶ ማካፈል ይበቃል።

እስከ ሃያ የሚቆጥር ልጅ ሁሉ ቁጥር ያውቃል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ እንደ ዜማ ይወርዱታል እንጂ ከሚቆጠረው ነገር ጋር አያገናኙትም። ስለዚህ ባቄላ ሲለቀም አምስት ሲኒ ደርድረው በእያንዳንዱ አንዳንድ ፍሬ እየጣለ እንዲቆጥር ያድርጉት። አፉ ከእጁ ቀድሞ ሲሮጥ ካዩ ሳይቆጡ አብረውት ይድገሙ። ይህን ሲለምድ አምስት ፍሬ ያሳዩትና ጥቂቱን በጭብጥዎ ደብቀው «በእጄ ስንት አለ?» ብለው ይጠይቁት። ሦስቱን አይቶ «ሁለት» የሚል ልጅ፣ ምልክቱን ባያውቀውም፣ መቀነስን ጀምሯል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቤቱ ካለ ግን ጥራጥሬ ከእርሱ ይራቅ፤ ወደ አፍንጫው ሊከተው፣ ሊያንቀውም ይችላል። ለእርሱ ትልልቅ ድንች መደርደር ይበቃዋል።

ቅልሞሽ ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከአምስቱ ጠጠር አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ እስኪወርድ ድረስ የቀሩትን አራቱን መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስቱን ባንድ ላይና አንዱን ለብቻው፣ በመጨረሻም አራቱን በአንድ ጊዜ ማፈስ፣ አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል ጣት ራሷ እንድታውቀው ያደርጋል። ገና መወርወር ያልቻለው ልጅ ሳይወረውር ያፍስ። ወንዶች ልጆችን ከቅልሞሽ የማራቅ ልማዳችን ለእኔ ትርጉም የለውም፤ እርሳስ የሚይዘው የጣት ቅልጥፍና ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

ለፊደል አይቸኩሉ። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት በሰባት፣ በጠቅላላው 231 ፊደል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ልጅ፣ «ቡ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይለያትም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን አውቀው ነው «ሀ ሁ»ን ካስጠኑ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያሉ ቅደም ተከተሉን የሚያፈርሱት። በቤትም በትሪ ላይ የገብስ ዱቄት ስስ አድርገው ነስንሰው፣ ልጁ የገዛ ስሙን ፊደላት በጣቱ ይጻፍ፤ ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ስሕተቱ ይጠፋል።

ማታ እንቆቅልሽ ይምጣ። መልሱን ያጣ ልጅ አገር መስጠት ስላለበት ጨዋታው ሳይታሰብ የመልክዓ ምድር ትምህርት ይሆናል። መጀመሪያ የሚያውቀው የራሱን መንደርና የገበያውን ከተማ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል፤ ያኔ አንኮበርን፣ መሐል ሜዳን፣ ደብረ ሲናን ያውሱት። ሸዋ ሮቢትን ሲሰጥዎ ደግሞ ዝም ብለው አይቀበሉት፤ «እዚያ ስሄድ ጋቢዬን ልያዝ ወይስ ልተወው?» ብለው ይጠይቁት፣ ቆላ መሆኑን በራሱ ቃል እስኪነግርዎ ድረስም ይጠብቁት።