የሞተር ማርሚታ በትንሽ ብር ለመቀየር

የሞተር ብስክሌታችሁ ማርሚታ (ጭሱን የሚያወጣውና ድምፁን የሚቀንሰው ዕቃ) ተቀዶ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም ኦሪጅናሉ ሰልችቷችሁ ሌላ መግጠም ካማራችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የምጽፈው እንደ ቦክሰር ላሉ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያቀላቅለው ዕቃ) ትናንሽ ሞተሮች ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉልበት። «ክፍት ማርሚታ ግጠምበት፣ ይበራል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትስሙት። በ100 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻ ቀይራችሁ የምታገኙት ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲያውም ውስጡ ባዶ የሆነ ቱቦ ከገጠማችሁ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ሰው ጭናችሁ ዳገት ስትወጡ ታዩታላችሁ። የቱቦው ርዝመትና ስፋት ለሞተሩ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ድምፁ ስለጨመረ ብቻ ፍጥነት የጨመረ ይመስላል።

ስለዚህ ርካሹ መንገድ አለመቀየር ሊሆን ይችላል። አሮጌውን አውርዱና ከሥር በኩል በካቻቢቴ ጫፍ እየወጋችሁ ፈትሹት። ማርሚታ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ ስትነዱ ውሃው ተንኖ ይወጣል፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ከሆነ ግን ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና ላሜራውን ይበላዋል። አንዳንዶቹ ከሥር ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው፤ ያንን «ተቀደደ» ብላችሁ እንዳታስደፍኑት።

ካቻቢቴው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከገባና ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ አስበይዱት። ላሜራው ስስ ስለሆነ ወፍራም ኤሌክትሮድ ቀዳዳውን ያሰፋዋል እንጂ አይዘጋውም። የጋዝ ብየዳ ያለው፣ እጁ ቀለል ያለ በያጅ ፈልጉ። ሞተሩ ላይ እንዳለ አይበየድ፤ ፈታችሁ ውሰዱለት። አንድ ነገር አደራ፦ የጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ቆርጦ ቱቦ ሊሠራላችሁ ከፈለገ እምቢ በሉ። ሽፋኑ ዚንክ ነው፣ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ እሱንም እናንተንም ትኩሳት ያስይዛል።

ካቻቢቴው በየቦታው ዘው ዘው ካለ ግን ብየዳ ብር ማባከን ነው። ያኔ የእኔ ምርጫ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። በአደጋ ከተጎዳ ሞተር ላይ የተፈታ ማርሚታ ሆዱ ደህና ከሆነ ከአዲስ ኮፒ ይሻላል። ስትገዙ አንሱትና ነቅንቁት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ክፍልፋዩ ተነቅሏል ማለት ነው፣ ተዉት። ኮፒ ከገዛችሁ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩት። የቱቦው እጥፋት በጣት ስፋት ያህል እንኳ ከተለየ አይገጥምም፣ በግድ ከገባም በንዝረት ይሰነጠቃል።

እነዚያ አጫጭር፣ የሚያብረቀርቁ ሁለገብ ማርሚታዎች ለዓይን ያምራሉ። መግቢያቸው ግን ብዙ ጊዜ 51 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትናንሽ ሞተሮች ቱቦ ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀጥናል። ማገናኛና ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ያስፈልጋችኋል። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ቱቦውና ማርሚታው አንድ ላይ የተበየደ ስለሆነ መቁረጥም ይመጣል። ደህናውን ኦሪጅናል በሰጌቶ አትቁረጡ፤ ሆዱ የበሰበሰ ቱቦው ግን ደህና የሆነ አሮጌ ፈልጉና እሱን ቁረጡ። ኦሪጅናሉ ሞተሩን ስትሸጡ ዋጋ አለው። ከጫፉ የሚገባውን የድምፅ መቀነሻም አታውጡ። ጎረቤት ሕፃን ያስተኛል፣ በሽተኛ ያስታምማል።

አሁን ወደ መፍታቱ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የተያዘው ብዙ ጊዜ በሁለት ዳዶ ነው፤ ዳዶዎቹ ዓመታት ሙሉ በእሳትና በጭቃ ተጋግረዋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ እዚያ ውስጥ ከተሰበረ የበጀቱ ነገር አከተመ። ከዋዜማው ማታ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ዝገት ማላቀቂያ ቅባት ርጩበትና ይደር። ጠዋት የቡሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ዳዶው እንቢ ካለ አትታገሉት፤ ትንሽ ፍቱ፣ መልሱ፣ ቅባት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱ። ጥርሱን የሚያድነው ይሄ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ 10 ቁልፍ፣ 8 ከሆነ 12 ወይም 13 ይይዘዋል፤ የሚስተካከል ቁልፍ ዳዶውን ያሟልጠዋል፣ አትጠቀሙ።

አሮጌው ጓርኒሲዮን (በቱቦውና በቴስታታው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አንዳንዴ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የብረቱ አካል ይመስላል። በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ አዲስ አድርጉ። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ እሱ ላይ ቆጥበው የሚያለቅሱ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ስትገጥሙ ሁሉንም በእጅ ብቻ ያዙት። ከዚያ የቴስታታውን ሁለት ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን፣ አጥብቁ። የኋላውን ማንጠልጠያ ቡሎን ከነሮንዴላው መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ቱቦው ተወጥሮ ይቀራል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

ከማስነሳታችሁ በፊት የእጅ አሻራና ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ ካልሆነ ተቃጥሎ እዚያው ይቀራል። ደጅ አውጥታችሁ አስነሱት፤ ጭሱ ዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል። ሞተሩ ገና ሳይግል የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ላይ አፍስሱ። አረፋ ከተነፋ ያስተነፍሳል።

ኦሪጅናሉን ወይም አምሳያውን ከገጠማችሁ ጨርሳችኋል። ክፍት ማርሚታ ከሆነ ግን ጥቂት ቀን ነድታችሁ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አውጥታችሁ ጫፉን እዩ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። እኛ አገር ከፍታውንም ቁጠሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ካልተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ይበዛል። ስለዚህ እዚያ ክፍት ማርሚታ ችግር ላያሳይ ይችላል። ያው ሞተር 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ ግን ካንዴላው ሊነጣ፣ ጋዝ ስትለቁም ማርሚታው ሊተኩስ ይችላል። ያኔ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑ አለማስተንፈሱን አረጋግጡ። እሱ ደህና ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የነሐስ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ዕቃ) በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ አስቀይሩ።

100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ አዲሱ ጓርኒሲዮን ስለሚተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሁለቱን ዳዶዎች በትንሹ ደግማችሁ አጥብቁ።