እናትን ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ስትወስዱ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የጉዞ ወኪል ነኝ። የእናቶች ቀን ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። "እማዬን ክሩዝ ልወስዳት ነው፣ ጥሩ ዋጋ ፈልግልኝ" የሚለው ይበዛል። ሐሳቡን ከልቤ እወደዋለሁ። ችግሩ፣ አብዛኛው ልጅ ጉዞውን የሚያቅደው በራሱ ዓይን ነው። እናት ደግሞ አትናገርም። ቢያማትም "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ቢርባትም "በልቻለሁ" ትላለች። እሷ የማትናገረውን እናንተ ቀድማችሁ ማሰብ አለባችሁ።

ወረቀቷን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ

ከሁሉም የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። መርከቡ ከባልቲሞር ወይም ከማያሚ ተነስቶ እዚያው ስለሚመለስ፣ ሰው ከአሜሪካ የወጣ አይመስለውም። ወጥታችኋል! ባሃማስም ሜክሲኮም ሌላ አገር ናቸው። ስትመለሱ ደግሞ ድንበር ላይ እንደ አዲስ ገቢ ትታያላችሁ።

እናታችሁ በጉብኝት ቪዛ መጥታ ግሪን ካርድ አመልክታችሁላት ከሆነ፣ ውሳኔው እስኪመጣ አድቫንስ ፓሮል የሚባለው የጉዞ ፈቃድ ሳይኖራት መርከብ ላይ እንዳትወጣ። ከወጣች ማመልከቻዋን እንደተወችው ይቆጠራል። ጥገኝነት ጠይቀው ለሚጠብቁም ያው ነው። ፈቃዱ እጃችሁ ላይ ቢኖርም መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ።

አንድ ወንድም ካርዱን አውጥቶ ሊከፍል ሲል፣ በጨዋታ መሃል "የእማዬ ጉዳይ እኮ አሻራ ሰጥታ እየጠበቅን ነው" አለኝ። ክፍያውን አቆምኩት። ተናደደ። "ጓደኛዬ እናቱን ወስዶ ምንም አልሆነችም" አለ። የጓደኛው እናት ግሪን ካርድ ነበራቸው። በማግስቱ ጠበቃውን ጠየቀ፤ ጠበቃው እንዳትሞክሩት አለው። መርከብ የግድ ካላችሁ ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የሚባለው አለ። ከሆኖሉሉ ተነስቶ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ብቻ ስለሚዞር ከአሜሪካ አይወጣም።

በጉብኝት ቪዛ ላይ ላሉትም አንድ ነገር። ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። አንዴ ገብታበታለች፤ መርከቡ ሲመለስ በምን ትገባለች? ቪዛዋን አውጡና "ኤም" (ብዙ ጊዜ የሚያስገባ) ነው ወይስ "1" (አንዴ ብቻ) የሚለው እዩ። ከሲያትል ተነስተው አላስካ የሚሄዱት መርከቦች ደግሞ ካናዳ ውስጥ ያቆማሉ። ግሪን ካርድ ያላት እናት ለካናዳ ቪዛ አያስፈልጋትም፤ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። የብዙ እናቶች ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

ዜግነት ያገኙት እናቶች በእንዲህ ያለ ደርሶ መልስ ክሩዝ በዜግነት ሰርተፍኬትና በመታወቂያ መሄድ ይችላሉ። እኔ ግን ያለ ፓስፖርት አልልክም። ደሴት ላይ ታማ በአውሮፕላን መመለስ ቢኖርባትስ?

"ሜዲኬር አላት" ብሎ መተኛት

ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጪ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ከራቀ የመርከቡን ሐኪምም አይሸፍንም። የመርከቡ ክሊኒክ ሒሳቡን በቀጥታ ካቢናችሁ ላይ ይጽፈዋል። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙ በሽተኛን ከባሕር ላይ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን መሸፈኑን፣ የቆየ በሽታዋን መቀበሉንም አረጋግጡ። ስኳርና ደም ግፊት ላለባት እናት ሁለተኛው ካልተሟላ የከፈላችሁት ለከንቱ ነው።

መድኃኒቷን ለተሸካሚ በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። ሻንጣው ካቢን የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል።

ጾሟን መርሳት

ልጆች ትምህርት የሚዘጉት በአሜሪካ በጋ ስለሆነ ሁሉም ኦገስትን ይመርጣል። ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው! በዓመት ውስጥ እናቶቻችን በጣም ከሚወዱት ጾም ላይ መርከብ ትጭኗቸውና፣ እሷ ቅዳሴዋ ቀርቶባት ሰላጣና ዳቦ ስትበላ ትሰነብታለች። ቀኑን አዙሩት። ረቡዕና ዓርብ ግን፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር፣ ብዙ ጊዜ አይቀሩም፤ ስለዚህ ቦታ ስትይዙ የጾም ምግብ እንደምትፈልግ አስመዝግቡ። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይገባበት ዘርዝራችሁ ንገሯቸው፤ "ሥጋ አትበላም" ብቻ ካላችሁ አይብ ያለበት ፓስታ ይመጣል። ሙስሊም እናት ከሆነች ሐላል ሥጋ መኖሩን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁሉም መርከብ ላይ አይገኝም።

እንጀራና ወጥ ጠቅልሎ መሄድም አያዋጣም። ብዙ መርከቦች ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም።

ርካሹን ካቢን መያዝ

ከሊፍት የራቀ፣ መታጠቢያ ቤቱ መግቢያው ላይ ከፍ ያለ ደፍ ያለበት ካቢን ጉልበቷን ለሚያማት እናት መከራ ነው። ለዊልቸር የሚሆኑት ካቢኖች ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ። አየር ማረፊያ ላይ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ማግኘት ስለለመድን መርከብም እንደዚያ ይመስለናል። መርከቡ ሰው የሚመድበው ስትሳፈሩና ስትወርዱ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት የእናንተ ናቸው። ዊልቸሩን ይዛችሁ ሂዱ ወይም ተከራዩ።

ግራንድ ኬይማን የመሰለ ወደብ ላይ ደግሞ መርከቡ ባሕሩ ላይ ቆሞ ሰዉ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚወርደው። ማዕበል ካለ እየተወዛወዘ ባለ ጀልባ ላይ መርገጥ ለጤነኛም ይከብዳል። የሚያቆምበትን ወደብ ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቁ።

የማቅለሽለሽ ክኒን ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪሟን አማክሩ፤ አንዳንዱ ያፈዛል፣ ያስወድቃል።

አያትን ሞግዚት ማድረግ

ይሄን ስል ቅር የሚላቸው አሉ፤ ቢሆንም እላለሁ። እናትን ከልጅ ልጆች ጋር አንድ ካቢን አስገብቶ፣ ማታ ማታ ባልና ሚስት ትርኢት ማየት ለእናት የተሰጠ ስጦታ አይደለም። እቤት የምትሠራውን ሥራ ባሕር ላይ ወስዳችሁባታል። ቢያንስ በቀን አንድ ማዕድ ከእሷ ጋር ብቻ ብሉ።

ብቻዋን የምትሆንበት ሰዓትም አለ፤ በአማርኛ የሚያናግራት ሰው የለም። መዝሙሯንና የምትወደውን ድራማ ከቤት ሳትወጡ ስልኳ ላይ ጫኑላት። የካቢኗን ቁጥርና ፎቁን በትልቁ ጽፋችሁ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ የበሩ ካርድ ላይ ቁጥሩ አይጻፍም፣ ኮሪደሩም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ስልኳን ደግሞ ገና ከወደብ ሳትነሱ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ከደወለችና እሷ ካነሳች፣ የባሕር ላይ ኔትወርክ ሒሳብ ከባድ ነው።