የችግኝ ጣቢያ አረም፦ ያለ አፈር ማጠኛ ኬሚካል መንስኤውን ለይቶ መከላከል

ለአፈር ማጠኛነት፣ ማለትም በአፈር ውስጥ ያለውን አረምና ተባይ በጋዝ ለመግደል ያገለግል የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ፣ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት፣ ከውስን አገልግሎቶች በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በበለጸጉት አገሮች እስከ 2005፣ በታዳጊዎቹ ደግሞ እስከ 2015 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወስኗል። በምትኩ የሚቀርበው ሜታም ሶዲየምም ለሠራተኛው ዐይንና መተንፈሻ አደገኛ ነው። በእኔ እምነት ሌላ ጋዝ ከመፈለግ በፊት አረሙ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል፤ መፍትሔው የሚለያየው በዚያ ነውና።

ምልክት፦ ዘር በተዘራ በሁለት ሳምንት መደቡ በጥቃቅን አረም ይሸፈናል።
መንስኤው በላይኛው አፈር ውስጥ የተከማቸ የአረም ዘር ነው። ጊዜ ካለ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ብርቱ ፀሐይ መደቡን በላስቲክ ማፈን ይቻላል። አፈሩ ከተለሰለሰና ከተስተካከለ በኋላ በእጅ ሲጨበጥ የሚጣበቅ፣ ነገር ግን ውኃ የማያንጠባጥብ እስኪሆን ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያም ጥርት ያለ ላስቲክ አፈሩን ነክቶ ይዘረጋና ጠርዙ ዙሪያውን ይቀበራል። ጥቁር ላስቲክ ሙቀቱን ራሱ ስለሚይዘው አፈሩን የዚያን ያህል አያሞቅም። ከላስቲኩ ሥር የውኃ ጠብታ ካልታየ እርጥበቱ እያመለጠ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ በኋላ መደቡን በጥልቀት መቆፈር አይገባም፤ ሙቀቱ ያልደረሰበት ዘር ወደ ላይ ይወጣልና። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ዘር ሳይዘራ መደቡን አጠጥቶ የበቀለውን አረም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ላይ ላዩን መኮትኮት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ምልክት፦ መደቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በፕላስቲክ ከረጢቶቹ ውስጥ ብቻ አረም ይበቅላል።
አረሙ የመጣው ከረጢቱ ከተሞላበት የጫካ አፈር ወይም በደንብ ካልበሰለ ፍግ ነው፤ ብዙ የአረም ዘር በከብት ሆድ አልፎም ይበቅላል። ከፍጉ የሚዘጋጀው ኮምፖስት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለበርካታ ቀናት መጋል፣ ዳር ያለውም ወደ መሐል እንዲገባ ደጋግሞ መገላበጥ አለበት። ክምሩ መሐል የተተከለ እንጨት ሲነቀል እጅን የሚያቃጥል ካልሆነ ክምሩ ገና አልጋለም።

ምልክት፦ ተነቅሎ ባለቀ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል።
ግንዱ በጣት ሲዳሰስ ባለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ እንግጫ ነው። ሲቆፈር እንደ መቁጠሪያ በክር የተያያዙ ጥቋቁር እብጥ ሥሮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ይበቅላል። የፀሐይ ሙቀት በጥልቁ ወዳሉት አይደርስም፣ ቡቃያውም ላስቲክ ይበሳል። አፈሩን እስከ 30 ሴንቲሜትር ቆፍሮ በወንፊት መልቀም ለትንሽ መደብ ይሠራል፤ ለሰፊ ቦታ ግን መደቡን ማዛወር ይሻላል። ሰርዶም ከነሥሩ መለቀም አለበት።

ምልክት፦ ንጹሕ የነበረው መደብ ቆይቶ በአረም ይወረራል።
ዘሩ ከመተላለፊያው ወይም ከመስኖው እየመጣ ነው። የቦይ ውኃ ወደ ማጠራቀሚያው ሲገባ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይጣራ፤ በአጥሩ ዙሪያ ያለው ቅንጭ አረምም ቆዳን ስለሚያሳክክ በጓንት፣ አበባ ከማውጣቱ በፊት ይነቀል።