በጎንደር ሞግዚት ስትቀጥሩ፦ ግብሩ፣ ውሉና ደመወዙ እንዴት ይያዛል?

ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ግብሩ ነውና በእሱ እንጀምር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለቤት ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ከገቢ ግብር ነፃ ነው። ማራኪም ሆነ አዘዞ የምትኖሩ ወላጆች ከሞግዚታችሁ ደመወዝ ቆርጣችሁ ለገቢዎች የምታስገቡት የለም፤ «ለግብር ነው» ብሎ መቀነስም አይገባም። የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ ለሚቀጥር ግን ሌላ ነው። በ2017 በተሻሻለው ሕግ ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ሆኖ የቀረው ይታሰባል፤ 5,000 ብር የሚከፈላት 500 ብር ይቆረጥባታል። ለጡረታም ከሠራተኛዋ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ ይገባል።

የእናንተ ዋና ዕዳ ለመንግሥት ሳይሆን ለሞግዚቷ ነው።

1. መታወቂያዋን እዩ። ከደምቢያ፣ ከበለሳ ወይም ከወገራ በደላላ በኩል ከሚመጡት አንዳንዶቹ ራሳቸው ገና ልጆች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ሕፃን ማሳደግ የበሰለ ሰው ሥራ ስለሆነ እኔ ከ18 በታች የሆነችውን አትቅጠሩ እላለሁ።

2. ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ አንድ ቅጂ ለእሷ ስጡ፤ ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት። ሥራዋን «ሕፃን ተንከባካቢ» ብላችሁ ጻፉት፤ «ሞግዚት» በሕግ ቋንቋ የልጅን ንብረትና ጥቅም በሕግ የሚጠብቅ ሰው ማለትም ነውና ያምታታል። ልጅ ከመያዝ ሌላ እንጀራ መጋገርና ልብስ ማጠብ ካለባት አሁኑኑ ይጻፍ። የዕረፍት ቀኗ፣ የማታ ትምህርት ከጀመረች የመውጫ ሰዓቷ፣ ለፋሲካና ለጥምቀት ወደ ቤተሰቧ የምትሄድበት ጊዜም እንዲሁ። ጳጉሜን አትርሱ፤ «የጳጉሜ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?» የሚለው ጭቅጭቅ በየዓመቱ ይነሳል፤ ቢከፈል ደግ ነው።

3. ደመወዙን ተነጋግራችሁ ወስኑ። በአገራችን ለግል ቅጥር በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ጎረቤት ጠይቁ። ምግብና መኝታ ሰጥተናል ብላችሁ አትቀንሱ።

4. በየወሩ በራሷ እጅ ስጧት። ይህንን ሳልደጋግም አላልፍም። «እያጠራቀምኩልሽ ነው» እየተባለ የዓመት ደመወዝ እመቤቲቱ ዘንድ ይቀመጥና ልጅቷ የምትወጣ ቀን ሒሳቡ ይጠፋል። ለደላላው ወይም ለአጎቷ መስጠትም ለእሷ መክፈል አይደለም። በስሟ የባንክ ደብተር አስከፍቱላት ወይም በቴሌብር ላኩላት፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ በደብተር ላይ ታስፈርሟታላችሁ።

5. ማደሪያዋንና ጤናዋን አስቡ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ለምትኖር ሠራተኛ መኝታዋ፣ ምግቧና የዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪውን ያስገድዳል። የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ስጧት።

6. ስትለቅ ሒሳቧን በዕለቱ ዝጉ። ወሩ 30 ቀን ነው፤ 3,000 ብር የሚከፈላት በ12ኛው ቀን ከወጣች 1,200 ብር ይደርሳታል። ልብሷንና መታወቂያዋን አትያዙባት፤ ገንዘቡን ስትቀበል ደብተሩ ላይ ትፈርም፣ ምስክርም ይኑር።