በበጎ ፈቃድ የነፍስ አድን ሥራ ላይ በመሣሪያ አያያዝ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ፣ በጣርማበርና በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ጉም በድንገት ወርዶ እረኛውንም መንገደኛውንም ከዓይን ይሰውራል። በዚያ የጠፉና የወደቁ ሰዎችን ከሚፈልግ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጋር የሠራሁት በአብዛኛው በዕቃ ያዥነት ነው፤ ስለዚህ ከጀብዱው ይልቅ የማስታውሰው የጎደለውን፣ የተበላሸውንና በሰዓቱ ያልተገኘውን ዕቃ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አዲስ ገቢዎች በየዓመቱ ስለሚደግሟቸው ስህተቶች ነው። ስለ ቋጠሮ አላነሣም፤ እሱን ሳይለምድ ከእኛ ጋር የሚወጣ የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ገመድ ማዋስ ነው። «ጋሼ፣ ያችን ገመድ ለአንድ ሰዓት ብቻ» ተብሎ የወጣ ገመድ ጭቃ የያዘው አይሱዙ ተጎትቶበት፣ የሣር ጭነት ታስሮበት፣ አንድ ጊዜም ለቅርጫ በሬ ተጥሎበት ተመልሷል፤ ተዋሹም አጥቦ ስላመጣው ምስጋና ይጠብቃል። የነፍስ አድን ገመድ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከመው በሚታየው ሽፋን ሳይሆን በውስጡ ባለው እምብርት ነው፤ እምብርቱ ተጎድቶ ሳለ ሽፋኑ እንደ አዲስ ሊያምር ይችላል። ናይለን ደግሞ የመኪና ባትሪ አሲድ ሲነካው ምንም ምልክት ሳያሳይ ይደክማል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ባልደረባችን ገመዱን ፒካፕ ላይ ከተፈታ ባትሪ አጠገብ ጠቅልሎ ሲያስቀምጠው ደረስኩ። አሲድ ይንካው አይንካው ማረጋገጥ ስላልቻልን፣ 60 ሜትሩን ገመድ ማንም መልሶ መጋዘን እንዳያስገባው እዚያው በቢላ ቆራረጥኩት። ገንዘቡ ከየኪሳችን የተዋጣ ነበርና ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም አልቀለለኝም። እያንዳንዱ ገመድ የተገዛበት፣ የወጣበትና ድንጋይ የመታው ቀን የሚጻፍበት ደብተር ይኑረው። አምራቾች ጨርሶ ያልተሠራበትን የናይለን ገመድ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ እንዲወገድ ያዛሉ። ታሪኩ ያልታወቀ ገመድ ለፍየል ማሰሪያ ይሁን፤ ሰው አይንጠልጠልበት።

የቦታ ቁጥር ሳያስተካክሉ መመዝገብን በተመለከተ ጥፋተኛው እኔ ራሴ ነበርኩ። በስልክ 9.58 ዲግሪ ተብሎ የተነበበልኝን 9 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ብዬ ጻፍኩ። 9.58 ዲግሪ በደቂቃ ሲመነዘር 9 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እኔ የጻፍኩት ቦታ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን የራቀ ነበር። ሹፌራችን «ደዋዩ ከአንኮበር ከተማ በታች ነኝ እያለ እኛ ወዴት ነው የምንሄደው?» ባይል ኖሮ ሌሊቱን መንዝ ላይ እናድር ነበር። ሁለተኛው ወጥመድ ረቀቅ ያለ ነው። 1 ለ 50,000 የሆኑት የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልኮችና የጂፒኤስ መሣሪያዎች የሚጠቀሙት ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ ማንበብ ከ100 ሜትር በላይ ያዛንፋል። በሜዳ ላይ ይህ ኢምንት ነው፤ በገደል አፋፍ ላይ ግን ከላይ ወይም ከሥር የመሆን ጉዳይ ነው። «ሁለት ሰዓት ላይ ታይቷል» የሚል መልእክትም የጠዋት ይሁን የማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በጂፒኤሱ፣ ሳይጠየቅ በመዝገብ አይስፈር።

ያረጀና አዲስ የባትሪ ድንጋይ አትቀላቅሉ፤ ከሥራ ስትመለሱም ከግንባር ባትሪው ውስጥ አውጡት። የእጅ ሬዲዮ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እንደማይሰማ እያወቃችሁ ሁላችሁም አትውረዱ፤ አንድ ሰው አፋፉ ላይ ቀርቶ መልእክት ያቀብል።

ብርድን በተመለከተ፣ ጀማሪዎች በተጎዳው ሰው ላይ ሦስት ጋቢ ደርበው ከሥሩ እርጥብ መሬት ይተዉለታል። ሙቀቱን መሬቱ ይወስደዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ከሥሩ ይነጠፍ። ጋቢ ጥጥ በመሆኑ ሲርስ አያሞቅም፤ የመንዝ በርኖስ ግን ሱፍ ስለሆነ ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። አረቄ መስጠትማ ጨርሶ አይታሰብ።

በአካፋና በዶማ መሮጥም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነርሱ መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ይገኙበታል። የሚቆፍሩት ሁሉ አቀርቅረው ስለሚሠሩ፣ ዓይኑን ከተራራው የማያነሣ ጠባቂና የሚነፋ ፊሽካ፣ እንዲሁም አስቀድሞ የተስማማችሁበት መሸሻ ሳይኖር አንድ አካፋ አይነሣ።

የቀረው የቁልፍ ነገር ነው። የተጎዳ ሰው የምንሸከምበት አልጋችንና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥናችን በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ይቀመጡ ነበር። አንድ እሑድ እግሩ የተሰበረ ገበሬ እንዳለ ተነግሮን ስንደርስ፣ ቁልፉን የያዙት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሠርግ ሄደዋል፤ ተወካያቸው ደግሞ የንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ሞዴል 22፣ ሳይፈረም አላወጣም አሉ። ስንጨቃጨቅ የቀበሌው ሰዎች በባሕር ዛፍ እንጨትና በጠፍር በተሠራ ቃሬዛ ሰውየውን ተሸክመው መንገድ ዳር አድርሰውታል። ስድስት ስድስት ሆነው፣ በሦስት ተራ እየተቀባበሉ ነበር የመጡት፤ እኛ በሥልጠና የተማርነውን አሥራ ስምንት ሰው እነርሱ ሳይቆጥሩ አሟልተውታል። አሁን የመጋዘኑ ቁልፍ በሦስት ቦታ አለ፤ አንደኛው ቅዳሜና እሑድም በማትዘጋው በጎረቤቱ ሻይ ቤት ነው።