በልጉ ሳይታወቅ እንዴት ይሰላል? የዕድል ስሌት በስልክ

የወሎ ደጋ ገበሬ የበልግ ገብስ ሲዘራ ዝናቡን አያውቅም፣ በሰኔ በግ ስንት እንደሚያወጣም አያውቅም። እንዲህ ላለው ነገር ሞንቴ ካርሎ የሚባል ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሂሳብ ሊቃውንቱ እነ ስታኒስላው ኡላምና ጆን ፎን ኖይማን አሜሪካ ሎስ አላሞስ ውስጥ ለኒውክሌር ምርምር ያበጁት ነው። ለማይታወቀው ነገር ሁሉ እጣ ይጣላል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ ይህ ሺህ ጊዜ ይደገማል። ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ የሚባል የሰንጠረዥ መተግበሪያ ያለው ስልክ ይበቃችኋል፤ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ገብሱና በጉ ተሸጦ 30,000 ብር ይሞላል ወይ?»

ቀጥሎ ዕድሎቹን ሰብስቡ። ሽማግሌዎችን «በልግ እንዴት ነው?» ብትሏቸው መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው። «ካለፉት 10 በልጎች ዘሩን እንኳ ያልመለሰው ስንቱ ነው?» በሏቸው። 3 ጥሩ፣ 4 መካከለኛ፣ 3 የከሸፈ ነው አሉ እንበል። ገብሱ እንደ በልጉ 30,000፣ 20,000 ወይም 5,000 ብር ያወጣል። በጎቹ 4 ናቸው፤ የአንዱ ዋጋም በዚያው ዕድል 7,000፣ 5,000 ወይም 3,000 ነው።

አማካዩን ብቻ ያየ ሰው 38,500 ብር ያገኝና ይተኛል። እኔ አማካይን በዚህ ነገር ፈጽሞ አላምነውም።

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ብዙ ሰው ለበልጉ አንድ እጣ፣ ለበጉ ዋጋ ደግሞ ሌላ እጣ ይጥላል። እንዲህ ሲሰላ 30,000 የማይሞላው 21 ከመቶ ነው። ስሌቱ ግን በልግ ከሽፎም በግ 7,000 የሚሸጥበትን ገበያ ቆጥሯል። ደላንታም ሆነ ለጋምቦ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በልግ ሲከሽፍ ሳር ይጠፋል፣ ሁሉም በጉን እየነዳ ገበያ ይወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ለበጉ ሌላ እጣ አትጣሉ። ዋጋው የበልጉን ዓምድ አይቶ እንዲመረጥ በኢፍ (IF፣ «እንዲህ ከሆነ ይህን ምረጥ» በሚለው) ፎርሙላ እሰሩት። አሁን የማይሞላው 30 ከመቶ ሆነ። በአስር ዓመት አንድ ተጨማሪ ክፉ ዓመት ማለት ይቻላል።

እጣው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር በዘፈቀደ የሚያወጣው የራንድ (RAND) ፎርሙላ ነው፤ ከ0.3 በታች ከወጣ በልጉ ከሽፏል፣ ከ0.7 በላይ ከወጣ ጥሩ ነው። ወደ 1,000 ረድፍ ጎትቱት። በ100 ረድፍ ውጤቱ 5 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በ1,000 ወደ 1.5 ይወርዳል። ይህ ትንሽ ምሳሌ በእጅም ይሰላል፤ የማዳበሪያ፣ የበሽታና የበረዶ ዕድል ሲጨመርበት ግን የእጅ ስሌት አይቻልም።

መጋቢት ሲያልቅ ዝናቡ ከቀረ 0.3ን ቀይሩት፤ 0.7ንም ከአዲሱ ቁጥር በላይ አድርጉት። በመጋቢት ከደረቁት 4 በልጎች 3ቱ ከሽፈው ከሆነ፣ አዲሱ ዕድል 0.75 ነው። ያኔ ዋጋው ገና 5,000 ሳለ ሁለቱን በግ መሸጥ፣ በልጉ ቢከሽፍ የሚመጣውን ጉድለት ከ13,000 ወደ 9,000 ብር ያወርደዋል።